ያልተነካ የፋብሪካ ቀለም

ባለቤቴ መኪና ሊገዛ አዲስ አበባ ሲሄድ አደራ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዳቦ የሚጭን ሰፊ ኋላ ይኑራት። ያኔ ቡታጅራ ላይ ትንሽ ዳቦ ቤት ነበረኝ። በገበያ ቀን ወደ እንሴኖ የምወስደው ዳቦ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ ግማሹ አቧራ ጠጥቶ ግማሹ ተጨፍልቆ ሲደርስ ማየት ሰልችቶኝ ነበር። እሱ ደግሞ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ የእንጨት ሥራ ነበረው፤ አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራል፣ ጠረጴዛ ይልጋል፣ ቫርኒሽ ይቀባል። ሁለታችን ያጠራቀምነውን አንድ ላይ አድርገን አሮጌ ስቴሽን መኪና ለመግዛት ተስማማን።

የመጣ ቀን በሩ ላይ ጡሩምባ ሲነፋ እጄ ሊጥ እንደሆነ ወጣሁ። ጥቁር አረንጓዴ መኪና ቆማለች። እሱ ወርዶ አጠገቧ ቆሟል፤ ፊቱ የሙሽራ ፊት ነው።

«ሞተሯ ደህና ነው?» አልኩት።

«ቀለሟን እይ።»

«ቀለሟንማ እያየሁ ነው። ሞተሯን ነው የጠየቅሁህ።»

«ያልተነካ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ የሚፈራ ይመስል። «ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። ስፕሬይ የሚባል ነገር አልነካትም።»

በኋላ እንደነገረኝ፣ ደላላው መጀመሪያ ያሳየው ከዚች የተሻለች፣ ሞተሯ እንደ ድመት የሚያንኮራፋ ነጭ መኪና ነበር። እሱ ግን በጣቱ አንጓ በሮቿን ሲያንኳኳ አንዱ በር ድምፁ ታፍኖበታል። ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ማግኔት አውጥቶ ቢያስጠጋ ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ። ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው፤ ማለትም ተጋጭታ፣ ተለስና የተቀባች ናት። «ድጋሚ የተቀባ ነገር የሚደብቀው አያጣም» አለኝ። ይህን የሚለው ከልቡ ነው፤ የሰው ቤት ገብቶ ጠረጴዛ ሲያይ እንኳ ሥሩን በእጁ ሳይዳስስ አይቀመጥም። እኔንም እጄን ይዞ መኪናዋን እያዞረ ማግኔቱን በየቦታው አስነካኝ። ጥርቅ፣ ጥርቅ እያለ ይለጠፋል። ሊጡ እጄ ላይ ደረቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን አዲስ ሕግ ወጣ። አቮካዶው ሥር መቆም ቀረ፤ ፍሬ ይወድቅባታል፣ ወፍ ያበላሻታል። የዳቦ ቅርጫቶቹ ሲጫኑ ጎኗን እንዳይነኩ በጨርቅ ተጠቀለሉ። ትንሿ ልጃችን መኪናዋን ስትቀርብ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ መሄድ ለመደች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከሰው ሁሉ ርቆ፣ ሜዳው ዳር ያቆማትና አምልኮው ከተጀመረ በኋላ እያለከለክን እንገባለን። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፍላኔል ጨርቅ ይዞ አቧራዋን ይጠርጋል፤ ክብ ክብ እየሠራ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴም እያፏጨ። «እኔን እንዲህ ደባብሶኝ አያውቅም» ብዬ ለእህቴ ስነግራት ቡናዋ ትን አላት።

መንገዱ ግን ሕግ አያውቅም። ያኔ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ አስፋልት አልለበሰም፤ ኮረኮንች ነበር። አንድ ጊዜ ዱቄት ልናመጣ ስንሄድ ጥያን እንዳለፍን ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ጠጠር ያዘንብብን ጀመር። ኮፈኗ ላይ ቋ ቋ ሲል ባለቤቴ በእያንዳንዱ ጠጠር ትከሻው ይሸማቀቃል። በመጨረሻ ዳር ይዞ ቆመና ወርዶ ኮፈኑ ላይ ተደፋ። እኔም ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ትልቅ ጉዳት ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት ግን እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ነጠብጣቦችን ነው።

«ይሄ ነው?» አልኩት።

«ይሄ ነው» አለ፤ ከማዘን ይልቅ እየኮራ። «ያ ሁሉ ድንጋይ ወርዶባት ይሄ ብቻ! ብረቱ ጋ አልደረሰም። የተቀባ ቢሆን እንደ እንቁላል ቅርፊት ይረግፍ ነበር።»

ቢሆንም ነጠብጣቦቹን እንዲሁ ሊተዋቸው አልቻለም። ዝገት የሚገባው በትንሽ ቀዳዳ ነው ብሎ፣ ቡታጅራ ስንመለስ የሴቶች ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ ጥቁር አረንጓዴ የጥፍር ቀለም ጠየቀ። ባለ ሱቋ ወጣት ናት፤ እኔን ታውቀኛለች።

«ጋሼ፣ አረንጓዴ ማንም አይቀባም። ቀዩን ይውሰዱላቸው፣ ያምርባቸዋል» አለችው።

«ለሷ አይደለም።»

የልጅቷ ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ። እሱም ቸኩሎ «ለመኪናዋ ነው» አለ። ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጠረጴዛው ሥር ገባች። አረንጓዴው ከአዲስ አበባ እስኪመጣላት ድረስም ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር። ዳቦ ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ «ጥፍሯን ተቀባች ወይ?» ይለኛል።

እንሴኖ ላይ የሆነውን ነገር ያመጣው ይኸው ጥንቃቄው ነው።

የገበያ ቀን ነበር። ዳቦውን አውርደን፣ እኔ ከደንበኞቼ ጋር ስነጋገር፣ እሱ መኪናዋን ከከብት ተራው ትንሽ ራቅ አድርጎ አቁሞ እንደ ልማዱ አቧራዋን ጠርጎ ጨረሰ። ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች፤ የሹፌሩ በር እንደ መስታወት ያበራል። ድንገት ሰው ሲጮህ ሰማሁ። አንድ ቀይ በሬ ገመዱን በጥሶ ሰዉን እየበተነ ይመጣል። እኔ የሽንኩርት ነጋዴዋ ጀርባ ተጣበቅሁ። በሬው ግን ሰው አልፈለገም፤ መኪናዋ ፊት ደርሶ ቆመ። አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ አፈር ጫረ፣ አገሳ። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለና በሩን በቀንዱ ወጋው። አንድ ጊዜ አልበቃውም፤ ደገመው።

ሰዎች ተረባርበው ያዙት። ባለቤቴ በአንድ እጁ ጨርቁን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል። በሩ ጎድጉዶ ገብቷል፣ ከላይ እስከ ታች የቀንድ ጭረት ወርዶበታል፣ አንድ ቦታ ላይ ብረቱ ራሱ ተቀዷል።

የበሬው ባለቤት ጢማቸው የሸበተ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ አባት ነበሩ። ሰዉን እየገፉ መጡ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጆቼ» አሉ እያለከለኩ። «በሬው የኔ ነው። ሰው ነክቷል?»

«ሰው አልነካም አባባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ሰውየው መጀመሪያ በሩን አዩት። ቀጥለው ጎንበስ ብለው የኋላውን በር፣ ያልተወጋውን፣ ትኩር ብለው ተመለከቱ። በሚያበራው በር ላይ ራሳቸውን፣ ቆባቸውን፣ ጢማቸውን አዩ። በእጃቸው ጢማቸውን አስተካከሉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ይስቅ ነበር።

«ልጄ፣ አንተ ነህ እንዲህ ያበራሃት?»

«አዎ» አለ ባለቤቴ በቀጭን ድምፅ።

«እንግዲያው በሬዬ ምን ያድርግ? ሌላ በሬ አየ። ያውም እንደሱ ቀይ፣ እንደሱ የተቆጣ። አፈር ሲጭር አብሮት ይጭራል። እንዴት ብሎ ይለፈው?»

ዙሪያችን የቆመው ሰው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ባለቤቴን በሥጋት አየሁት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሊያለቅስ ነው ስል ሳቁ መጣ። ጨርቁን ፊቱ ላይ አድርጎ እስኪበቃው ሳቀ። ሰውየው የማሠሪያውን እከፍላለሁ ብለው ምለው ተገዘቱ፤ እሱም አልቀበልም ብሎ ማለ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ነገሩን በምሳ ጨረሰው፤ ሰውየው ቤት ሄደን በላን። በሬው መኪና የሚወጋ ነው ተብሎ ገዢ ስላጣ እሱም አብሮን ተመለሰ። ከገበያው ብዙ በማይርቀው መንደራቸው፣ ቆጮና ጎመን በቅቤ ቀርቦልን፣ ያን ቀን ዘመድ ሆንን።

በሩን የሠራልን ቡታጅራ መግቢያ ላይ ጋራዥ የነበረው ቀለም ቀቢ ነው። ሲነጋ ደርሰን መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቆምናት። ቀለም ቀቢው የተወጋውን በር ትቶ የቀረውን ዞሮ ዞሮ አየ።

«ማን ነው እንዲህ የፈተጋት?» አለ።

ባለቤቴ ቀና አለ። «ምኗን?»

«ና፣ እዚህ ቁም። ከፀሐይዋ ጋር እያት።»

እኔም ቀርቤ አየሁ። ኮፈኑ ላይ፣ በሮቹ ላይ፣ ፀሐይዋ ያረፈችበት ቦታ ሁሉ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ክብ ጭረት ሞልቶበታል። ክብ በክብ፣ የፍላኔሉን መንገድ ተከትሎ። ባለቤቴ ያንን ጨርቅ በያዘበት እጁ አንገቱን አከከ።

«የሚወዳት ሰው ነው የፈተጋት» አልኩ እኔ።

«ፍቅርም በልክ ነው» አለ ቀለም ቀቢው። «የመንገዳችን አቧራ እኮ አሸዋ ነው ወንድሜ። በደረቅ ጨርቅ ስትጠርጋት በብርጭቆ ወረቀት እንደመላግ ነው። መጀመሪያ ውኃ አፍስስባት፣ አቧራው ይውረድ። ከዚያ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች። እንደ ሽሮ አታማስላት።»

ደግነቱ ጭረቱ ጥልቀት አልነበረውም። የፋብሪካው ቀለም ጠንካራ ስለሆነ በማለስለሻ ቅባት ሲታሽ ይወጣል ተባልን። እውነትም ወጣ። ባለቤቴ ግን ወደ ቤት እስክንደርስ እንጨት ሲልግ የኖረ ሰው እንዴት ይህን አላሰብኩም እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት እንደነበር ማታ ነገረኝ።

በሩም ተቀጠቀጠ፣ ተበየደ፣ ስቱኮ ተለሰነ፣ ተቀባ። ሲያልቅ ከሌላው ሁሉ በለጠ። እንዲያውም ያ በር ብቻ አዲስ፣ የቀረው መኪና አሮጌ መሰለ። ያየ ሁሉ «ለምን ሁሉንም አታስቀቧትም?» ይለናል። እኔም በልቤ ትክክል ነው እል ነበር። ባለቤቴ ግን «ክረምት ይለፍ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ በሩ ታችኛው ጠርዝ ላይ እንደ ትኩስ ውኃ የነካው ቆዳ አበጥ አበጥ አለ። በጣቴ ብጫነው ተሰነጠቀና ቡናማ ውኃ ወጣው። ኮረኮንቹ ደግሞ እዚያ በር ላይ ሲያርፍ የጤፍ ፍሬ አይደለም የሚያነሳው፤ የጥፍር ያህል ቅርፊት እያነሳ ይጥላል። ለመስቀል ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲገባ፣ ያ የሚያበራው በር ከታች ዝጎ ከላይ ተልጦ ነበር። ሌሎቹ በሮች ያንኑ ጭቃ፣ ያንኑ ጠጠር ጠጥተው ምንም አልሆኑም።

ወደ ቀለም ቀቢው ተመልሰን ሄድን። አልተቆጣም፣ አላፈረም። ሻይ አዘዘልንና አስረዳን።

«እኔ ከሥራዬ አላጎደልኩባችሁም። ግን ፋብሪካ ሌላ ነው። እነሱ ቀለም ከመቀባታቸው በፊት ብረቱን ሙሉውን መድኃኒት ውስጥ ይነክሩታል፤ ውስጥም ውጭም ይጠጣል። ከዚያ ቀብተው ምድጃ ውስጥ ይጋግሩታል። እኔ የት አለኝ ምድጃ? ያለኝ የቡታጅራ ፀሐይ ነው። በሬው የቀደደው ቦታ ላይ ደግሞ ውኃ ከውስጥ ገብቶ ከጀርባ በላው።»

ባለቤቴ ወደኔ ዞሮ «ሰማሽ? ይጋግሩታል» አለ። መቼም ዳቦ ጋጋሪ ነኝና ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ከላይ ቀልቶ ውስጡ ሊጥ የሆነ ዳቦ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የቀረውንም እናስቀባት የሚለውን ሐሳቤን ያን ዕለት ተውኩት።

በቀጣዩ ክረምት አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ የእንሴኖው አባት ትልቁ ልጅ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ዳቦ ቤቴ ገባ። ሚስቱ ምጥ ይዟታል፤ የመጀመሪያዋ ነው፣ አዋላጇ ፈርታለች፣ መንደሩ ድረስ የሚገባ መኪና ጠፍቷል።

«አባባ እናንተ ጋ ሂድ አሉኝ» አለ።

ባለቤቴ መጋዙን እንኳ በወጉ አላስቀመጠም። እኔ ብርድ ልብስ ይዤ ኋላ ገባሁ። ከዋናው መንገድ ታጥፈን መንደሩ አፋፍ ስንደርስ ግን እግሩ ፍሬን ላይ ወጣ። ወደ ቤታቸው የሚያስገባው መንገድ በግራና በቀኝ የእሾህ አጥር ያለው ቀጭን መተላለፊያ ነው፤ ሰውና ከብት እንጂ መኪና ታስቦ አልተሠራም። ዝናቡ ቅርንጫፎቹን ወደ ውስጥ አጉብጧቸዋል። ባለቤቴ አጥሩን አየ። ምን እንደሚያስብ ገባኝ። ሁልጊዜ ከግንድ እንኳ ክንድ ያህል ርቆ ነበር የሚያቆማት።

«መዞሪያ አለው ግቢያችሁ?» አለው ልጁን።

«አለው ጋሼ።»

«በል መስኮቱን ዝጋ፣ እሾሁ ዓይንህን እንዳይወጋህ።»

ገባ። እሾሁ በሁለቱም ጎን ከፊት እስከ ኋላ ሲፍቃት ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። ባለቤቴ ፊቱን እንኳ አላዞረም። ልጅቷን ደግፈን አስገባናት፤ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። በዚያው እሾህ መሐል ተመልሰን ወጣን። መንገዱ ላይ ጭቃው ሁለት ጊዜ ይዞን የመንደሩ ወንዶች ገፍተው አወጡን። እኔ የሷን እጅ ይዤ «አይዞሽ እህቴ፣ ደረስን» እላለሁ፤ የት እንደደረስን ግን አላውቅም ነበር። ቡታጅራ ሆስፒታል አስገባናት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ስትወጣ ነርሷ ብቅ ብላ «ሴት ናት፤ እናትየዋም ደህና ናት» አለችን። አባትየው ባለቤቴን አቅፎ ጭቃውን አካፈለው።

ጭቃ የለበሰችውን መኪና ያጠብናት በማግስቱ ነው። ባለቤቴ እንደተማረው መጀመሪያ ውኃ አፈሰሰባት። ጎኗ ሲገለጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጫጭ መስመር ሞልቷታል። ቅባቱን አምጥቶ በለስላሳ ጨርቅ አንዱን መስመር ቢያሸው ደበዘዘ። ደግሞ ቢያሸው ጠፋ። ሌላውም ጠፋ። ጥፍር የሚይዙ ጥቂት ጭረቶች ቀሩ እንጂ ብረት የታየበት ቦታ የለም። በመጨረሻ ወደ ተሠራው በር መጣ። እዚያ ማሸት አላስፈለገውም። ውኃው ሲነካው ትልቅ የስቱኮ ቅርፊት ከነቀለሙ ተገንጥሎ እግሩ ሥር ወደቀና ከኋላው የዛገ ቆርቆሮ ብቅ አለ።

ይናደዳል ብዬ ጠበቅሁ። የዳቦ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠበትና ቅርፊቱን አንስቶ አገላብጦ አየው።

«የበሬው ቀንድ ቅርፅ ሳይቀር ወጥቶበታል» አለኝ እየሳቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ መርካቶ ሄዶ፣ ከተፈታታ መኪና የወጣ በር ገዝቶ በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭኖ መጣ። ከመኪናችን ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ መያዣው ልክ፣ መስታወቱ ልክ። ችግሩ ሰማያዊ መሆኑ ነው። እንደ ሰማይ ሰማያዊ።

«መቼም ታስቀባዋለህ» አልኩት።

«አበድሽ እንዴ?» አለ፤ ማግኔቱን አውጥቶ ጥርቅ አደረገው። «ያልተነካ እኮ ነው!»

ገጠመው። አረንጓዴ መኪና ከነሰማያዊ በሯ ከተማ ለከተማ መዞር ጀመረች። የመጀመሪያ ሰሞን እኔ ከሱ ጎን ላለመቀመጥ ኋላ ከዳቦው ጋር እቀመጥ ነበር። ልጆች «ባለ ሰማያዊ በር!» እያሉ ይሮጡልናል። የሕፃኗን ደስታ ልንካፈል እንሴኖ ስንሄድ አያትየው በሩን ዞረው አዩት፣ አንኳኩት፣ ድምፁን ሰሙና «ቀለሙን ተወው፤ በር ነው» ብለው ፈረዱ። ባለቤቴም ከዚያ በኋላ ዘና አለ። አቮካዶው ሥር ማቆም ጀመረ። የሠፈር ልጆች አቧራዋ ላይ በጣታቸው ስማቸውን ሲጽፉ «ጫን አትበሉ» ብሎ ያልፋል። በጭቃ ጊዜ በሽተኛ፣ ሙሽራ፣ አስከሬን ሳይቀር ጫነች። የተጠራችበት ሁሉ ትገባለች።

ዓመታት ሄዱና ልጃችን ወልቂጤ ለትምህርት ገባች። ያደረስናት ቀን የዩኒቨርሲቲው ትልቁ በር ከመታየቱ በፊት «እዚህ ጋ አውርዱኝ፣ በእግሬ እገባለሁ» አለች። ሰማያዊው በር ነው ያሳፈራት። አባቷ ገባውና አላስቸገራትም፤ ሻንጣዋን አውርዶ፣ ግንባሯን ሳማትና ተመለስን። መንገዱን ሁሉ ክንዱን በዚያው በር ላይ አስደግፎ ነዳ፤ እኔም አላባበልኩትም።

በቀጣዩ የመስቀል ዋዜማ የወልቂጤ መናኸሪያ በሰው ተጥለቀለቀ፤ አገሩ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፣ መኪና የለም። ልጄ በሞባይል «እማዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል» ስትለኝ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ባለቤቴ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ተነሳ፤ እኔም ትኩስ ዳቦ በቅርጫት አድርጌ አብሬው ሄድኩ። ወልቂጤ ስንገባ መናኸሪያው የሰው ባሕር ነው፤ እሷን ከዚያ መሐል እንዴት እንደምናገኛት ግራ ገባን። ከሩቅ አንድ ድምፅ ሲጮህ ሰማን።

«ያቻት! ሰማያዊ በር! አባቴ ነው! ልጆች፣ አባቴ መጣ!»

ሻንጣዋን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ጓደኞቿን አስከትላ በሰዉ መሐል እየሰነጠቀች መጣች። አባቷ ወርዶ የኋላውን ከፈተላቸው። እንደ ዳቦ ተደራርበው ገቡ፤ አንዷ እግሯ ውጭ ቀርቶ በሩ ሳይዘጋ፣ አንዷ ቅርጫቱ ላይ ተቀምጣ፣ ሌላዋ «ጋሼ፣ እኔን ቸሃ ላይ ያውርዱኝ» እያለች። አንዷ በሻንጣዋ ብረት የኋላውን ጎን ፍቃ ስትገባ ደንግጣ «ወይኔ፣ ይቅርታ ጋሼ!» አለች።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ» አለ ባለቤቴ፤ «ይወጣል፣ ሲታሽ ይወጣል።»

በሩን ገፍቶ ዘጋባቸውና ተነሳን። ከተማውን ሳንለቅ ዳቦው አለቀ፤ ዘፈኑ ተጀመረ። ልጄ ከኋላ በመቀመጫው ላይ ተንጠራርታ የአባቷን አንገት አቀፈች፤ እሱም በመሪው ላይ በጣቱ ምቱን እየመታ፣ ግጥሙን የማያውቀውን ዘፈን አብሯቸው እየዘፈነ ነዳ።